ሙከራው የሚጀምረው አሮጌው ሞተር ሳይወርድ ነው
ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ፣ ግለሰቦች በገዛ እጃቸው በሠሩት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሞተር ወይም ፕሮፔለር ሲለወጥ ለውጡ እንዴት ሊፈተን እንደሚገባ የሚመለከት ነው። ርእሱ ከአብዛኞቻችን የዕለት ተዕለት ሥራ የራቀ ይመስል ይሆናል። ይሁንና አንድን ሞተር ከአንድ ተሽከርካሪ መሣሪያ ጋር አጣምሮ የሚያሠራ መሐንዲስ ሁሉ፣ መሣሪያው ወፍጮም ይሁን የመስኖ ፓምፕ፣ ዛሬ የማነሣቸውን ጥያቄዎች በሌላ መልካቸው ያውቃቸዋል። ልዩነቱ የስሕተቱ ዋጋ ላይ ነው። የወፍጮ ሞተር ቢቆም እህሉ ሳይፈጭ ያድራል፤ ገና ከመሬት በተነሣ አውሮፕላን ላይ ሞተር ቢቆም ግን አብራሪው ማረፊያ ሜዳ ለመምረጥ ያለው ጊዜ በሰኮንዶች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

የማቀርበው ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም የሞተርም ሆነ የፕሮፔለር ለውጥ ሙከራ የሚጀምረው አዲሱ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ሳይሆን አሮጌው ገና ሳይወርድ ነው። አሮጌው በምን ያህል ፍጥነት ይበር እንደ ነበር፣ በምን ያህል ጊዜ ከፍታ ይይዝ እንደ ነበር፣ ምን ያህል ይሞቅና ምን ያህል ነዳጅ ይጠጣ እንደ ነበር በጽሑፍ ያልያዘ ሰው፣ አዲሱን ከምን ጋር ሊያመዛዝነው ይችላል? ያወጣው ገንዘብና የደከመበት ወራት «ተሻሽሏል» እንዲል ያስገድዱታል። ይህ ግን ምኞት እንጂ ልኬት አይደለም።

በግለሰብ እጅ የሚሠሩ አውሮፕላኖች በብዛት የሚገኙት በአሜሪካ ነው። ፖል ፖበሬዝኒ በ1953 በዊስኮንሲን የመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ከ1970 ጀምሮ ዓመታዊ ትርኢቱን የሚያካሂደው በዚያው ክፍለ ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ ነው። የአገሪቱ ሕግ የአውሮፕላኑን ሥራ ከግማሽ በላይ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው ራሳቸው ለሠሩ ሰዎች የሙከራ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ግን ግዴታ አለበት። አውሮፕላኑ መንገደኛ ከመያዙ በፊት በተወሰነ ክልል ውስጥ የሙከራ በረራ እንዲያደርግ ይጠየቃል፤ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ደንብ፣ ሞተሩና ፕሮፔለሩ በጥምረት የምስክር ወረቀት ያገኙ ከሆነ 25 ሰዓት፣ ካልሆነ ደግሞ 40 ሰዓት የሚል ነው። በቅርብ ዓመታት ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ የተዘረዘሩ የሙከራ ተግባሮችን የመፈጸም አማራጭም ተጨምሯል። ሥራው ካለቀ በኋላ ከባድ ለውጥ የተደረገበት አውሮፕላንም እንደገና ወደ ሙከራ ደረጃ ተመልሶ በተለመደው አሠራር ቢያንስ 5 ሰዓት መብረርና ውጤቱ በመዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት።

በዚህ ደንብ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሞተሩ ጥሩ ነውን፣ ፕሮፔለሩስ ጥሩ ነውን ብሎ በየተራ አለመሆኑ ነው። የሚጠይቀው ሁለቱ አንድ ላይ ተፈትነዋልን ብሎ ነው። ሁለት ጥሩ ዕቃዎች ተጣምረው መጥፎ ጥምረት ሊሆኑ ይችላሉና።

ነገሩ ለአገራችንም ፍጹም እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር በ1935 በኢትዮጵያ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን የበረረችው 115 የፈረስ ጉልበት ባለው የቼኮስሎቫኪያ ሥሪት ዋልተር ሞተር ነበር። ወደ ጣልያን ተወስዳ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከቆየች በኋላ በ2024 ለአገሯ ተመልሳለች። አካሉ በአንድ አገር፣ ሞተሩ በሌላ አገር የተሠራ አውሮፕላን ሲሆን፣ የሁለቱን መስማማት የማረጋገጡ ኃላፊነት ገጣጥሞ በሚያስነሣው ሰው ላይ ይወድቃል።

የኃላፊነቱን ክብደት የሚያሳዩ አኀዞች አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በግለሰብ የተሠሩ አውሮፕላኖች ከአገሪቱ አነስተኛ የግል አውሮፕላኖች 10 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በ2011 ከደረሱት አደጋዎች 15 በመቶው፣ ሕይወት ከጠፋባቸው አደጋዎች ደግሞ 21 በመቶው የእነርሱ እንደ ነበሩ ገልጿል። በብዛት ከታዩት ሁለት የአደጋ ዓይነቶች አንዱ የሞተር ክፍል ብልሽት፣ ሌላው በበረራ ላይ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻል ነው። ቦርዱ ካቀረባቸው ምክሮች ውስጥ የነዳጅ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው በረራ በፊት በመሬት ላይ እንዲፈተን የሚለው ይገኝበታል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። በዩኒቨርሲቲ እንደተማርነው፣ ለተመሳሳይ አውሮፕላን የሚያስፈልገው ኃይል በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የፍጥነቱን ሦስተኛ ርቢ ይከተላል። በ150 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን አለ እንበል። ባለቤቱ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ቢገጥምለት ኃይሉ በ6.7 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ግን የሚጨምረው በ2.2 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። አሮጌው የተለካው በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ የጀርባ ነፋስ ከሆነ፣ አዲሱ ደግሞ ነፋስ በሌለበት ቀን ከተለካ፣ ባለቤቱ ሞተሩ ፍጥነት ቀነሰብኝ ብሎ ያዝናል። ነፋሱ ቢገላበጥ ደግሞ ያላገኘውን ፍጥነት አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። እንግዲህ የምንፈልገው ጥቅም ከመለኪያችን ስሕተት ያነሰ በሚሆንበት ጊዜ፣ ስሕተቱን ሳያሳንሱ ጥቅሙን መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው።

መድኀኒቱ ውድ አይደለም። የሳተላይት አቅጣጫ መሣሪያ የመሬት ፍጥነትን በትክክል ይለካል። በአንድ ከፍታ፣ በአንድ የሞተር አሠራር፣ በሦስት ወይም በአራት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መብረርና የነፋሱን ውጤት በስሌት ማውጣት ይቻላል። የውጭውን ሙቀትና ግፊት መዝግቦ የአየሩን እፍግታ ማስላትም የግድ ነው። ከዚህ ሌላ ልኬቱን በተለያዩ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት መድገም ያስፈልጋል፤ ምንም ሳይለወጥ በውጤቶቹ መካከል የሚታየው ልዩነት የመለኪያችንን ስሕተት ይነግረናልና። ከዚያ ልዩነት ያነሰ ማናቸውም «መሻሻል» እንዳልተገኘ ይቆጠራል።

አንድ የመለኪያ መርፌ ብቻውን እንዴት ሊያታልል እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ከአዲስ አበባ ልውሰድ። መቅዘፊያው የማይዞር፣ ማለትም ማዕዘኑ ቋሚ የሆነ ፕሮፔለርና አየር በግፊት የማይሞላበት ተራ ሞተር ያለው አውሮፕላን በባሕር ወለል ላይ ቆሞ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው በደቂቃ 2,300 ዙር ይዞራል እንበል። ይኸው አውሮፕላን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በቦሌ፣ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን ቢፈተን፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር 73 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። የሞተሩ ጉልበት ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ፕሮፔለሩም የሚቀዝፈው የሳሳ አየር ስለሆነ ሸክሙ ይቀልለታል፤ በመሆኑም ዙሩ የሚቀንሰው ከሁለት በመቶ ባነሰ፣ ወደ 40 ዙር ገደማ ብቻ ነው። መርፌውን ብቻ የሚያይ ሰው ሞተሩ ደኅና ነው ይላል። አውሮፕላኑን ወደፊት የሚገፋው ኃይል ግን 30 በመቶ ገደማ ጠፍቷል። መንደርደሪያው ሲረዝምበትና ከፍታ መያዙ ሲዘገይበት የሚደነቀው ይህን ስሌት ያልሠራ ነው።

የፕሮፔለር ለውጥም የራሱ ሒሳብ አለው። ሌላው ነገር ሳይለወጥ፣ ፕሮፔለር የሚወስደው ኃይል የዙሩን ሦስተኛ ርቢና የዲያሜትሩን አምስተኛ ርቢ ይከተላል። 68 ኢንች ዲያሜትር ያለውን ፕሮፔለር ተመሳሳይ ቅርጽ ባለው በ72 ኢንች የሚተካ ሰው የጨመረው 4 ኢንች ብቻ ይመስለዋል፤ በዚያው ዙር ላይ ግን ፕሮፔለሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ሞተሩ ያን ካልሰጠ ዙሩ ይወርዳል፤ ዙሩ ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። በተቃራኒው፣ ማዕዘኑ አነስተኛ የሆነ ፕሮፔለር ከፍታ ለመያዝ ይረዳል፤ ቁልቁል ሲበረር ግን ሞተሩን ከተፈቀደለት ዙር በላይ ሊያስኬደው ይችላል። ስለዚህ የፕሮፔለር ምርጫ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ኃይልና ፍጥነት ነው። ከዚህ የሚከብደው ዐይን የማያየው ንዝረት ነው። ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 2,700 ዙር ሲዞር፣ ክራንክ ሻፍቱ በየሰኮንዱ 90 ጊዜ ይገፋል። ፕሮፔለሩ በበኩሉ ብረት ከሆነ እንደ ደወል የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ አለው። የሞተሩ ግፊት ከዚህ ድግግሞሽ ጋር ሲገጣጠም ንዝረቱ እየጎለበተ ይሄዳል፤ ብረቱም ውጪው ሳይለወጥ ውስጡ እየዛለ ቆይቶ በድንገት ይሰነጠቃል። አንዳንድ የላይኮሚንግ ኦ-360 ሞተሮች ከተወሰኑ ባለ ሁለት መቅዘፊያ የሃርትዜል ብረት ፕሮፔለሮች ጋር ሲጣመሩ በ2,000 እና በ2,250 ዙር መካከል ለረጅም ጊዜ እንዳይሠሩ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ያው፣ ፕሮፔለሩም ያው ሆኖ እንኳ፣ ከፍተኛ የመጭመቅ መጠን ያላቸው ፒስተኖች ወይም የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ቢገቡበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚለወጥ ቀድሞ የተደረገው የንዝረት ፈተና ዋስትናነቱ ይቀራል። «የለወጥኩት ማቀጣጠያውን ብቻ ነው» የሚል ሰው ሳያውቀው የፕሮፔለሩን ዕድሜ ለውጦ ሊሆን ይችላል።

ይህ ችግር ከአውሮፕላን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ዊልበርና ኦርቪል ራይት በ1903 በኪቲ ሆክ ሞተራቸውን በመሬት ላይ ሲፈትኑ፣ የሞተሩ አነዳድ ወጥ ስላልነበረ የሰንሰለቱ ጥርሶች ከፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ እየላሉ አስቸገሯቸው፤ ዘንጎቹም ተጎዱ። ዘንጎቹ በዴይተን ታድሰው ሲመለሱ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ጥርሶቹን ለብስክሌት ጎማ በሚያገለግል ማጣበቂያ አጠበቋቸው። ሆኖም በኖቬምበር መጨረሻ ከቧንቧ የተሠራው ዘንግ ተሰንጥቆ ተገኘ። ኦርቪል ወደ ዴይተን ሄዶ ውስጡ ድፍን ከሆነ የስፕሪንግ ብረት የተሠሩ ዘንጎች ይዞ ተመለሰ። በዲሴምበር 17 ቀን የተደረገው የ12 ሰኮንድ በረራ ታሪክ ሆኗል። ያን በረራ የቻለው ግን ቀደም ብሎ በመሬት ላይ በተደረገው ሙከራ ስንጥቁ መታየቱ ነው።

ሞተር መለወጥ ሞተር ብቻ መለወጥ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሌላ ታሪክ አለ። አሜሪካዊው ንድፍ አውጪ በርት ሩታን በ1975 ቫሪኢዚ የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን የመጀመሪያ ናሙና ከቮልስዋገን መኪና በተገኘ ሞተር አስነሣ። በዚያው ዓመት በኦሽኮሽ የርቀት ክብረ ወሰን ለመስበር በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ሞተሩ እንቢ አለ፤ በሁለተኛው 2,636 ኪሎ ሜትር ተበረረ። ሩታን ከዚያ በኋላ 100 የፈረስ ጉልበት ያለውን ኮንቲኔንታል ኦ-200 ሞተር ሲመርጥ፣ በአሮጌው አካል ላይ አልገጠመውም። አካሉን እንደገና ነድፎ አሳድጎ በ1976 ሁለተኛ ናሙና አበረረ። ክብደት ሲጨምር ክንፉ፣ የክብደት ማዕከሉ፣ የማረፊያ እግሩ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባልና። ፕሮፔለራቸው ከኋላ ለሆነው ለእነዚህ አውሮፕላኖች ደግሞ ቀላል የእንጨት ፕሮፔለር እንዲገጠም አጥብቆ ይመክር ነበር፤ ከኋላ ያለ ፕሮፔለር ክንፉ ባናወጠው አየር ውስጥ ስለሚዞር በየዙሩ ይደበደባል፣ እንጨትም ይህን ድብደባ ከብረት ይልቅ ይችላል።

የእርሱ ሌላ ሥራ የሆነችው ቮየጀር በሙከራ ላይ ሳለች፣ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1986 አንዱ የፕሮፔለር መቅዘፊያ ተነቅሎ ወደቀና በአስቸኳይ እንድታርፍ ተገደደች። ፕሮፔለሮቹም በሃርትዜል የአሉሚኒየም ፕሮፔለሮች ተተኩ። ከ76 ቀናት በኋላ፣ በዲሴምበር 14 ቀን፣ ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ተነሡ፤ ነዳጅ ሳይጨምሩና ሳያርፉ ዓለምን ዞረው በ9 ቀን ከ3 ደቂቃ ከ44 ሰኮንድ ተመለሱ። ያ መቅዘፊያ በሙከራ ሰዓቶች ሳይሆን በውቅያኖስ ላይ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሙከራ ብልሽትን አያስቀርም፤ ብልሽቱ ማረፊያ ባለበት ቦታ እንዲገለጥ ያደርጋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣውን የአሠራር ቅደም ተከተል ባጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ አሮጌው ሳይወርድ መነሻ ልኬት ይወሰዳል። ባዶ ክብደትና የክብደት ማዕከል፣ ቆሞ በሙሉ ጉልበት የሚገኘው ዙር፣ በታወቀ ከፍታ ላይ የሚገኘው ፍጥነት፣ 300 ሜትር ለመውጣት በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሲሊንደሩና የዘይቱ ሙቀት፣ የነዳጁ ፍጆታ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

ሁለተኛ፣ ለውጡ በወረቀት ላይ ይሰላል። 500 ኪሎ ግራም በሚመዝን አውሮፕላን ላይ ከክብደት ማዕከሉ አንድ ሜትር ተኩል ወደፊት 15 ኪሎ ግራም ቢጨመር፣ ማዕከሉ 4.4 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ይሄዳል። ስሌቱ ግን ሚዛንን አይተካም፤ አውሮፕላኑ ከሥራው በኋላ እንደገና ይመዘናል።

ሦስተኛ፣ የመሬት ፈተና ይደረጋል። አፍንጫው ለመነሣት እንደሚቀና ቀና ተደርጎ፣ ነዳጁ ወደ ሞተሩ በምን ያህል መጠን እንደሚደርስ በጣሳና በሰዓት ይለካል። ለፋብሪካ አውሮፕላኖች የቆየው መመዘኛ፣ ነዳጁ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ ለመነሣት ከሚጠጣው 150 በመቶ፣ በፓምፕ የሚገፋ ከሆነ 125 በመቶ እንዲደርስ ነው። በሰዓት 50 ሊትር ለሚጠጣ ሞተር 75 ሊትር ወይም 62 ሊትር ተኩል ማለት ነው። የእንጨት ፕሮፔለር ብሎኖች ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ፣ ከዚያም የአየሩ እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ጥብቀታቸው ይለካል፤ እንጨት ያብጣል፣ ይኮማተራልና። አዲስ ሲሊንደር ያለውን ሞተር ግን በመሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ማስነሣት ጎጂ ስለሆነ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ታቅዶ በአጭሩ ይከናወናል።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው በረራ አብራሪው ብቻውን ሆኖ፣ ሞተሩ ቢቆም ተንሸራቶ ሊያርፍበት ከሚችለው ሜዳ ሳይርቅ ይደረጋል። የዚያ ሰዓት ዓላማ ፍጥነት አይደለም፤ ሙቀት፣ ግፊትና ንዝረት ነው።

አምስተኛ፣ የመነሻው ልኬት በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ዘዴ ይደገማል። ሞተሩም ፕሮፔለሩም የሚለወጡ ከሆነ፣ አካሉና ብሎኖቹ እስከፈቀዱ ድረስ በየተራ ይለወጡ። ሁለቱ በአንድ ቀን ከተለወጡ፣ የተገኘው ጥቅምም ሆነ ጉዳት የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

አንዳንድ ባልደረቦች «በገዛ እጁ አውሮፕላን የሠራ ሰው የሚፈልገው ነፃነት ነው፤ ለምን በመዝገብና በቅጽ ታስሩታላችሁ?» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ግን ይህ ሰው የፋብሪካ ላቦራቶሪ የለውም፤ የሙከራ ክፍልም የለውም። የፋብሪካ መሐንዲስ ቢሳሳት ሌላ መሐንዲስ ያርመዋል። በጋራዡ ውስጥ የሚሠራውን የሚያርመው ራሱ የጻፈው ወረቀት ብቻ ነው። ነፃነቱ የሚጸናው በዚህ ወረቀት ነው እንጂ በእርሱ አይነካም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብም ከዚህ የሚነሣ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን በፓምፕ፣ በወፍጮና በጄኔሬተር ላይ የሞተር ለውጥ ይደረጋል። ከለውጡ በፊት የተወሰደ ልኬት ከለውጡ በኋላ ከተወሰደው ጋር ጎን ለጎን የሚሰፍርበት አንድ የጋራ ቅጽ ቢዘጋጅና፣ የተሞሉት ቅጾች በማኅበሩ ቢሰበሰቡ፣ ወጣት መሐንዲሶች በየቦታው ያንኑ ጥያቄ ከዜሮ አይጀምሩም። ያልተሳኩት ለውጦች ከተሳኩት እኩል እንዲመዘገቡም አደራ እላለሁ። ጥቅም ያልተገኘበት ልኬት፣ ሌላው ባልደረባ ገንዘቡንና ጊዜውን በዚያው መንገድ እንዳያፈስ ያደርገዋልና።